ዘመድ ለጭቃው፣ አናጢ ለጣሪያው፦ በቤተሰብ ጉልበት ቤት አሠራር

ባለፈው ዓመት ቤት ሠራሁ። ትልቅ አይደለም። 5 በ6 ሜትር፣ ሁለት ክፍል፣ ግድግዳው ባሕር ዛፍና ጭቃ፣ ጣሪያው ቆርቆሮ። ጎጃም ውስጥ ባለች ትንሽ ከተማ ዳር ጥቅምት ላይ ጀምሬ ግንቦት ላይ ገባሁበት። የእጅ ዋጋ የከፈልኩት ለአንድ አናጢ፣ ለአንድ ግንበኛና ለመብራት ሠራተኛው ብቻ ነው። የቀረውን የሠሩት ወንድሞቼ፣ የአጎቶቼ ልጆች፣ እናቴና የሰፈሩ ሰው ናቸው። ከዚያ ወዲህ «እንዴት አድርገህ ነው?» የሚለኝ ስለበዛ ሁሉንም እዚህ ልዘርግፈው።

አስቀድሜ ግን አንድ ነገር ልበል። የዘመድ ጉልበት ነጻ አይደለም። ዘመድ ይበላል፣ ይጠጣል፣ ይቀየማል፣ ውለታውንም ይጠብቃል። ብዙ እጅ በሚፈልግ ሥራ ላይ ካዋላችሁት ግን የሚተካከለው የለም፤ መሸከም፣ መቆፈር፣ ጭቃ መርገጥ፣ መምረግ። ልክና ሚዛን የሚጠይቀውን ሥራ ለባለሙያ ተዉት። እኔ የተበላሸብኝ ሁሉ ይህን ያፋለስኩ ቀን ነው።

መጀመሪያ ወረቀቱ

ከተማ ክልል ውስጥ ከሆናችሁ የይዞታ ማረጋገጫችሁን ይዛችሁ ማዘጋጃ ቤት ሂዱ፤ የግንባታ ፈቃድ ሳይኖር አንድ እንጨት አታቁሙ። አንዳንድ ከተማ በአንዳንድ ሰፈር የጭቃ ቤት አይፈቅድም፣ ብሎኬት ካልሆነ ይላል። እንጨት ከገዛችሁ በኋላ ይህን ከምትሰሙ አሁኑኑ ጠይቁ።

ሌላው ወረቀት ደግሞ የቤተሰቡ ነው። ብዙዎቻችን የምንሠራው ወላጆቻችን ግቢ ውስጥ ነው፣ አንዷ እህት ደግሞ አረብ አገር ሆና ብር ትልካለች። የላከችው ስጦታ ነው? ብድር ነው? ወይስ ቤቱ ላይ ድርሻ አላት? ይህን ፊት ለፊት መጠየቅ ያሳፍራል። ግን ዛሬ ካላፈራችሁ ነገ ሽማግሌ ፊት ትቆማላችሁ። እኛ አባቴ ባሉበት፣ ሦስት ምስክር አስቀምጠን አንድ ገጽ ጽፈን ተፈራረምን። እህቴ የላከችው ብድር ነው ተባለ፣ የሚመለስበት ጊዜም ተጻፈ። እሷም ብሩን በአንዴ አልላከችም። እንጨቱ ሲቆም ፎቶ፣ ከዚያ ለጣሪያው ሥራ ብር፣ ጣሪያው ሲያልቅ ፎቶ፣ ከዚያ ለበርና መስኮቱ። ብር እጄ ላይ ሲከርም ምን እንደማደርገው እህቴ በደንብ ታውቃለች።

የቀን መቁጠሪያውን ግድግዳ ላይ ስቀሉት

ከእንጨቱ በፊት ይህን አስቡ። በእኛ አገር የሥራው ቀን በዝናብ ብቻ አይወሰንም። ኅዳርና ታኅሣሥ አዝመራ ነው፣ ገበሬ ዘመዳችሁን አታገኙትም። ጥር ከጥምቀት በኋላ ሰርግ ነው፣ እናንተም ተጠርታችሁ ትሄዳላችሁ። ሰው የሚገኘው የካቲትና መጋቢት ነው። ያን ጊዜ ደግሞ ዐቢይ ጾም ይገባል፤ ይህ ለኪስ ጥሩ ነው። ለ25 ሰው ዶሮና ሥጋ ከማሰብ ሽሮ፣ ንፍሮ፣ ዳቦና ጠላ ያልፋል፣ ማንም አያማችሁም።

እኔ ሥራውን በየወሩ እንዲህ ነበር የከፋፈልኩት። ጥቅምት ወረቀትና እንጨት መቁረጥ። ኅዳር ከወንድሜ ጋር ሁለታችን ብቻ መሠረት መቆፈር። ታኅሣሥ ማብቂያ ላይ እንጨት ማቆምና ማገር፣ ማለትም ቋሚዎቹን በአግድም የሚያያይዘውን እንጨት መምታት። ጥር ጣሪያ። የካቲት ጭቃ። መጋቢት ሁለተኛ ምርጊት። ሚያዝያ ወለል፣ በር፣ መስኮት።

እንጨቱ

ባሕር ዛፍ ስሙ እንደሚለው ከባሕር ማዶ የመጣ፣ በምኒልክ ዘመን የገባ ዛፍ ነው፤ ዛሬ ያለ እሱ ቤት መሥራት ይከብዳል። ወይራና ጥድ ምስጥን በመቋቋም ይበልጡታል፤ ግን አገር በቀል ዛፍ ያለ ፈቃድ መቁረጥ ያስጠይቃል፣ ዋጋውም አይቀመስም።

ለእኔ ቤት ሒሳቡ ይህን ይመስል ነበር። የውጭው ግድግዳ ዙሪያ 22 ሜትር፣ መሐል ለመሐል የሚከፍለው 5 ሜትር፣ ድምር 27 ሜትር። ወፍራም ቋሚ በየሜትሩ፣ በሁለቱ ወፍራም መካከል ሦስት ቀጫጭን። ይህ ወደ 28 ወፍራምና 80 ቀጭን ይሆናል። ማገሩ በየ30 ሳንቲም ከውስጥም ከውጭም ይመታል፤ ግድግዳው 2 ሜትር ከ60 ከሆነ በአንድ ጎን 9 ረድፍ፣ በሁለቱ 18 ረድፍ ነው። 18 በ27 ሲባዛ 486 ሜትር። 4 ሜትር ርዝመት ያለው እንጨት ከሆነ ወደ 120 ያስፈልጋል ማለት ነው። አናጢው ሲነግረኝ የዋሸኝ መስሎኝ ሦስቴ ደጋግሜ ቆጠርኩ። ልክ ነበር። የጭቃ ቤት ማገር ይበላል።

እንጨቱ እንደተቆረጠ ወዲያው ላጡት። ልጡ ሲደርቅ ይጣበቅና ያስለቅሳል፣ ደግሞም ልጡ ሥር ነቀዝ ይገባል። ከዚያ ጥላ ሥር፣ ከመሬት ከፍ አድርጋችሁ ቢያንስ አንድ ወር አድርቁት። እርጥብ እንጨት ጭቃው ውስጥ ሆኖ ሲደርቅ ይሸሻል፣ ይጣመማል፣ ግድግዳችሁም ይሰነጠቃል። መላጥ የልጆች ሥራ ነው። የእህቴ ልጆች ሁለት ቅዳሜ ከረሜላ እየበሉ ጨረሱት።

አፈር ውስጥ የሚገባውን ጫፍ ጋራዥ በሚጣል የተቃጠለ ዘይት ቀቡት። 60 ሳንቲም የሚቀበር ከሆነ 80 ሳንቲሙን ቀቡ፤ እንጨት ቶሎ የሚበላሸው አፈሩና አየሩ የሚገናኙበት ላይ ነው። አንዴ ቀብታችሁ ሲመጠው ድገሙት። እጃችሁ ላይ ጓንት ይኑር፣ ከውሃ ጉድጓድም ራቁ።

ልክ ማውጣትና መሠረት

እዚህ ጋ አጎቴን ላማው። «ሃምሳ ዓመት ቤት ሳቆም ለሜትር ሰጥቼ አላውቅም» ብሎ በዓይኑ ማዕዘን ያዘልኝ። አክብሬው ዝም አልኩ። በነጋታው ሲባጎ ስወጥር ቤቱ ወደ አንድ ጎን ተንጋዷል። ግማሽ ቀን የቆፈርነውን መለስን፣ አጎቴም ሦስት ቀን አኮረፈ።

ዘዴው ቀላል ነው። ከአንዱ ችካል በአንድ በኩል 3 ሜትር፣ በሌላው 4 ሜትር ለኩ። ሁለቱን ጫፍ የሚያገናኘው መስመር ልክ 5 ሜትር ከሆነ ማዕዘኑ ቀጥ ብሏል። አራቱም ችካል ከተተከለ በኋላ ከጥግ እስከ ጥግ አጋድማችሁ ሁለቱንም ለኩ። ለ5 በ6 ቤት ሁለቱም 7 ሜትር ከ81 ሳንቲም መሆን አለባቸው። በ2 ሳንቲም ቢለያዩ ማንም አያይም። በ10 ከተለያዩ ቆርቆሮ ስትመቱ ያጋልጣችኋል።

ጉድጓዱ 60 ሳንቲም ጥልቀት፣ 40 ሳንቲም ስፋት። ከላይ ያለውን ጥቁር አፈር ለብቻ ጣሉት፣ ለጓሮ ይሆናል። ከታች የሚወጣውን ቀይ አፈር ግን አንድ ቦታ ከምሩ። ግድግዳችሁ እሱ ነው።

ቋሚዎቹን አቁማችሁ ዙሪያቸውን በድንጋይ ጠቅጥቁ። ጥጎቹን አስቀድሙ፣ በቱምቢ (ጫፉ ላይ ክብደት በተንጠለጠለበት ክር) ቀጥ መሆናቸውን እዩ፣ ከዚያ በጥግና በጥግ መካከል ሲባጎ ወጥራችሁ የቀሩትን በሲባጎው አሰልፉ። ከመሬት በላይ በውጭ በኩል ግንበኛ ጠርታችሁ 40 ሳንቲም ከፍታ ድንጋይ በሲሚንቶ አስገንቡ። ብር አነሰኝ ብላችሁ ይህን አትዝለሉ። የጭቃ ቤትን የሚገድለው ከላይ የሚወርደው ዝናብ ሳይሆን መሬት ነጥሮ ግድግዳ የሚመታው ነው። ሰፈራችሁን ዙሩና የድሮ ቤቶችን እዩ፤ ጭቃው የረገፈው ሁሉ ከጉልበት በታች ነው።

ማገር መምታት ማንም የሚችለው ነው። መጋጠሚያው በየረድፉ ተራርቆ ይምጣ እንጂ ሁሉም አንድ ቋሚ ላይ አይቆረጥ። በርና መስኮት የሚመጣበት ግራና ቀኝ ወፍራም ቋሚ ይቁም።

ጣሪያው ከጭቃው ይቀድማል

አንዳንዱ ግድግዳውን ልምረግና ብር ሲገኝ ጣሪያውን ይላል። አይሆንም። አንድ ያልታሰበ ዝናብ የሃያ ሰው ልፋት ይዞት ይሄዳል። ጣሪያ ካለ ግን ጭቃውን በጥላ ሥር፣ ፀሐይ ሳያሯሩጣችሁ ትሠራላችሁ፣ ቀስ ብሎ ስለሚደርቅም ስንጥቁ ያንሳል።

የእኔ ጣሪያ ሁለት ክንፍ ነው። ክፍክፉ በአራቱም በኩል 60 ሳንቲም ይወጣል። መሐሉ በ1 ሜትር ከ20 ከፍ ሲል የአንዱ ክንፍ ቁልቁለት ወደ 3 ሜትር ከ45 ይመጣል። 2 ሜትር ርዝመት ያለውን ቆርቆሮ ሁለት ደርቦ መደራረቢያውን 20 ሳንቲም ቢሰጡት 3 ሜትር ከ80 ይሸፍናል። ወደ ጎን አንድ ቆርቆሮ ተደራርቦ 80 ሳንቲም ያህል ይሸፍናል፣ ስለዚህ ለ7 ሜትር ከ20 ዘጠኝ። 9 በ2 በ2፣ 36 ቆርቆሮ። ሁለት ጨምራችሁ ግዙ። ሁለቱ ክንፎች ከላይ የሚገናኙበትን የሚከድነውን ኮልሞም አትርሱ። ጌጁ ቁጥሩ ባነሰ መጠን ቆርቆሮው ወፍራም ነው፤ 35 ጌጅ ርካሽ ነው፣ ግን የረገጣችሁበት ሁሉ ይጎደጉዳል። አቅም ካለ 32ን ወይም 30ን ግዙ። ቆርቆሮውን ሥራው ሳይጀመር፣ ብሩ እጃችሁ እንደገባ ግዙትና አስቀምጡት። እኔ የእቁብ ዕጣዬ በወጣ ማግስት ነው የገዛሁት፣ ጥር እስኪደርስ ዋጋው ጨምሮ ነበር።

የጣሪያውን እንጨት፣ ማለትም ወራጁን፣ ማገናኛውንና ሞራሌውን አናጢው ይሥራ። ዘመድ ከታች ሆኖ ያቀብል። ይህን ያልኩት ለጥራቱ ብቻ አይደለም። ሰው ይወድቃል። በደቦ ቀን ጠላ ይጠጣል፣ ጠላ የቀመሰ ሰው ደግሞ ጣሪያ ላይ ወጥቼ ካልረዳሁ ይላል። እኔ የጣሪያው ሥራ እስኪያልቅ ድረስ ጠላ ግቢ ውስጥ እንዳይገባ ብዬ ነበር። «ሰውዬው ጴንጤ ሆነ እንዴ» ተባልኩ። ይበሉ።

ሚስማሩ ከቆርቆሮው ጉብታ ላይ ይመታል፣ ጎድጓዳው ላይ አይደለም። ውሃ የሚወርደው በጎድጓዳው ነው።

አሁን ጭቃው

አፈሩን ሞክሩት። ዋልካ አፈር ለብቻው አይሆንም፤ ሲረጥብ ያብጣል፣ ሲደርቅ እንደ ተረከዝ ይሰነጣጠቃል። በጣም አሸዋማም ከሆነ ይረግፋል። ግልጽ ጠርሙስ ሲሶውን አፈር፣ የቀረውን ውሃ ሙሉና በደንብ ነቅንቃችሁ እስከ ነገ ተዉት። አሸዋው ከታች፣ የሚያጣብቀው ደቃቅ አፈር ከላይ ይሰፍራል። ከሁሉ የሚታመነው ግን ሙከራው ነው። ከተዘጋጀው ጭቃ ግማሽ ሜትር በግማሽ ሜትር የምትሆን ቦታ ማገሩ ላይ መርጋችሁ አንድ ሳምንት ጠብቁ። ጣት የሚያስገባ ስንጥቅ ካወጣ ጭድ ወይም አሸዋ ጨምሩ።

ለዚህ ቤት ወደ 7 ሜትር ኩብ ጭቃ ይገባል። ከመሠረቱ የወጣው አፈር አብዛኛውን ይሸፍናል፣ የጎደለውን ከሽንት ቤቱ ጉድጓድ ሞላን። ታዲያ ሽንት ቤቱን ከውሃ ጉድጓድ 30 ሜትር ያህል አርቁት።

ጭቃ በአንድ ቀን አይደርስም። ይቦካል። አፈሩን እንደ ገንዳ ክበቡት፣ ውሃ ሙሉበት፣ ጭድ በትኑበት፣ ርገጡት። እኔ ለአምስት ባሬላ አፈር አንድ ባሬላ የተጠቀጠቀ ጭድ ነበር የማደርገው። የጤፍ ጭድ ልስልስ ስለሆነ አፈሩን አጥብቆ ይይዛል፤ ውድ ከሆነባችሁ ለመጀመሪያው ምርጊት የገብስ ወይም የስንዴ ተጠቀሙና የጤፉን ለላዩ አቆዩት። በየሦስት ቀኑ ውሃ እየጨመራችሁ ርገጡት። ከሁለት እስከ ሦስት ሳምንት ይቆይ። መሽተት ይጀምራል፣ ጎረቤት ያጉረመርማል። ሽታው ጥሩ ምልክት ነው፤ ጭዱ መበስበስ ሲጀምር ጭቃው እንደ ሊጥ ይሳባል፣ እጅ ላይ ይጣበቃል። ከመርገጣችሁ በፊት ግን አፈሩን በሬክ አበጥሩት። የወንድሜ ልጅ እግሩን ጠርሙስ ቆርጦት ጤና ጣቢያ ሄደን ሦስት ቦታ ተሰፍቷል።

ውሃውን አስቀድማችሁ አስቡ። እኛ ከ100 ጀሪካን በላይ ፈጀን። ቧንቧ በሳምንት አንዴ በሚመጣበት ሰፈር ይህ ማለት በርሜል መዋስና አህያ መከራየት ነው።

የደቦው ቀን

ደቦና ወንፈል አንድ አይደሉም፣ ሰው ስትጠሩ የቱን እንደሆነ ይወቅ። ወንፈል ቀን በቀን ነው፤ አንድ ቀን ሠራችሁልኝ፣ አንድ ቀን እሠራላችኋለሁ። ደቦ ግን ድግስ ያለበት የአንድ ቀን ጥሪ ነው። እኔ ለረገጣው ወንፈል፣ ለምርጊቱ ደቦ ጠራሁ።

ቀኑን ስትመርጡ በዓላቱን ቁጠሩ። 5 አቦ፣ 7 ሥላሴ፣ 12 ሚካኤል፣ 19 ገብርኤል፣ 21 ማርያም፣ 23 ጊዮርጊስ፣ 27 መድኃኔዓለም፣ 29 በዓለ ወልድ። በእኛ አካባቢ ቅዳሜና እሁድም አፈር የሚነካ የለም። የገበያውንም ቀን ስታወጡ የሚተርፈው ትንሽ ነው። እኔ የካቲት 18ን ያዝኩ። ለሰው ሁሉ ከሁለት ሳምንት በፊት፣ በስልክ ሳይሆን ቤቱ ሄጄ ነገርኩት። በስልክ ብቻ የጠራሁት አንድ የአክስቴ ልጅ አልመጣም፣ ምክንያቱንም ነገረኝ።

ድስት፣ ብርጭቆና አግዳሚ ወንበር ዕድር ያውሳል። ጠላውን እናቴ ቀድማ ጠመቀች። ጠዋት ንፍሮና ሻይ፣ ረፋድ ላይ ዳቦ፣ ምሳ እንጀራ በሽሮ፣ ጠላው ከምሳ በኋላ።

ሰዉን ከፋፍሉት፤ ካልከፋፈላችሁት ሁሉም አንድ ግድግዳ ላይ ተኮልኩሎ ያወራል። እኛ 24 ነበርን። ስድስቱ ጭቃውን ሲያቀልጡ፣ ስድስቱ በባሬላ ሲያመላልሱ፣ አሥሩ ሁለት ሁለት ሆነው ሲመርጉ፣ ሁለቱ ውሃ። ሁለት ሁለት ያልኩት አንዱ ከውስጥ አንዱ ከውጭ ሆኖ ስለሚመርግ ነው። በአንድ ቦታ ሁለቱ እኩል ሲጫኑ ጭቃው መሐል ላይ ይገናኛል፣ ክፍተት አይቀርም። አንዱ ቀድሞ ከሄደ ግን ባዶ ኪስ ይቀራል፣ እዚያ ደግሞ አይጥ ትኖራለች። ከታች ጀምራችሁ ዙሪያውን ወደ ላይ ውጡ። የመብራት ገመድ የሚገባበት ቱቦ ከምርጊቱ በፊት መታሰር አለበት፤ እኔ ረስቼ አንድ ግድግዳ በኋላ ፈልፍያለሁ።

በአሥር ሰዓት አለቀ። ለሁለት ወንድማማቾች የ12 ቀን ሥራ ነበር።

ከዚያ ተዉት

ከ3 እስከ 4 ሳምንት አትንኩት። ይሰነጠቃል፣ አትደንግጡ፣ መሰንጠቅ አለበት። በር ስላልተገጠመ ነፋሱ ያደርቀዋል። ሁለተኛው ምርጊት ደቃቅ ነው፤ አፈሩ በወንፊት ይነፋል፣ የጤፍ ጭዱ ይደቅቃል። ከመምረጋችሁ በፊት ግድግዳውን ውሃ እርጩት፣ ደረቅ ላይ ከለጠፋችሁ ይላጣል። ይህን ደቦ አትጥሩበት። እጃቸው የተስተካከለ ሦስት ሰዎች ይበቃሉ፤ በእኛ ቤት ሦስቱም ሴቶች ነበሩ፣ እናቴና ሁለት አክስቶቼ። ላዩን እበትና ደቃቅ አፈር ቀላቅለው ለሰኑት፣ ሲደርቅ ኖራ ቀባነው።

ሲሚንቶ ልለስነው የሚል ሁልጊዜ ይመጣል። ያምራል። ግን ሲሚንቶና ጭቃ አይዋደዱም። የሽቦ መረብ በሚስማር ሳይወጠር ጭቃ ላይ የተለጠፈ ሲሚንቶ በሁለት ክረምት እንደ ቅርፊት ይነሳል፣ ውስጡ የገባው እርጥበትም መውጫ ስለሚያጣ እንጨቱን ያበሰብሰዋል። ወለሉን ግን ሊሾ አድርጉት፤ ከሥሩ ድንጋይ በደንብ ይጠቅጠቅ።

ከደቦው ማግስት አንድ ደብተር ገዛሁና ማን ስንት ቀን እንደመጣ፣ ማን ምን እንዳዋሰኝ ጻፍኩ። ሁለት አካፋና አንድ ዶማ ባለቤታቸው እስካሁን አልታወቀም። የወንፈሉ ዕዳ 11 ቀን ነበር፣ አራቱን ከፍያለሁ።

ሐምሌ ላይ ከባድ ዝናብ ሲጥል ጃንጥላ ይዛችሁ ቤቱን ዙሩት። ውሃው የት እንደሚያጎር፣ ጭቃው የት እንደጠቆረ፣ ክፍክፉ የት እንዳጠረ ያኔ ነው የሚታየው። የእኔ በምዕራቡ ጎን ነፋስ እየገፋው እስከ መስኮቱ ይመታ ነበር። ዝናቡ ሲያባራ እዚያ በኩል አሸንዳ ሰቀልኩ፣ ግድግዳውን ደግሞ መስከረም ላይ እናቴ መልሳ መረገችው።